ጠይቁን፦ ሰው አገር ሆነንም ስልካችን እንዳይዘጋ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ደብዳቤዎች ሰብሰብ አድርገናል። ጸሐፊዎቹ አንዷ ለሥራ፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዷ ልጆቿን ለመጠየቅ የሚሄዱ ናቸው፤ ቤት ቀርተው ስልክ የሚጠብቁም አሉበት። ሰፋ ያለ መልስ የሚሻውን አስፍተናል፣ ሌላውን በአጭሩ አልፈነዋል።

ከሸዋ ሮቢት

«ለሥራ ወደ ሪያድ ልሄድ ነው። ቁጥሬ የቆየ ነው፤ ባንኬም፣ ቴሌብሬም፣ ዋትስአፔም በእሱ ነው የተከፈተው። ሲሙ ግን የወጣው በወንድሜ መታወቂያ ነው። እዚያ ሌላ ሲም ሳወጣ ይኼኛው ምን ይሆናል? ልተወው ወይስ ይዤው ልሂድ?»

ይዘሽው ሂጂ። ባንኩም ቴሌብሩም አንቺን የሚያውቅሽ በቁጥሩ ነው። ስልክ ስትቀይሪ፣ የሚስጥር ቁጥር ስትረሺ፣ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደዚያው ሲም ነው። ሲሙ ከሌለ ብርሽ ሂሳብሽ ውስጥ እያለ አታገኚውም።

ከሁሉ በፊት የስሙን ነገር ጨርሺ። ሲሙ በወንድምሽ ስም እስካለ ድረስ ባለቤቱ እሱ ነው፤ ቢጠፋብሽ ምትክ ሊያወጣ የሚችለውም እሱ ነው። ሁለታችሁም የታደሰ መታወቂያችሁን ወይም ፋይዳችሁን ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከሉ ድረስ ሂዱና ስሙ ወደ አንቺ ይዙር። የበረራሽ ሳምንት እስኪደርስ አታቆዪው፤ «ሲስተም የለም» ተብሎ መመለስ እንዳለ ታውቂያለሽ።

ቀጥሎ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ውክልናው ላይ የስልክ ቁጥሩ ይጻፍ፤ «ምትክ ሲም ያወጣልኛል» የሚለውም በግልጽ ይግባ። «ማናቸውንም ጉዳዬን» የሚለው ጥቅል ቃል መስኮቱ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ ያስነሣል። እዚሁ ሳለሽ ብትጨርሺው ቀላል ነው። ሪያድ ከገባሽ በኋላ ግን ወይ ኤምባሲው ዘንድ ወይ ጅዳ ያለው ቆንስላ ዘንድ ሄደሽ፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦት ነው ሥራ ላይ የሚውለው።

ስልክሽ ሁለት ሲም የሚይዝ ይሁን። እዚህ ላይ የምታታልል ነገር አለች። አንዳንድ ስልክ ሁለት ሲም ይይዛል ቢባልም ሁለተኛው ቦታ ከሚሞሪ ካርድ ጋር የጋራ ነው፤ ሚሞሪ ካስገባሽበት ሲም አይገባም። የሲም ማስቀመጫውን በመርፌው አውጥተሽ እይው። ሦስት ጎድጓዳ ቦታ ካለው እሰየው፤ ሁለት ብቻ ከሆነ ሚሞሪሽን ትተሽ ትሄጃለሽ።

እዚያ ስትደርሺ የአገር ቤቱ ሲም በአንዱ፣ የሳዑዲው በሌላው ይግባ። ሴቲንግ ገብተሽ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ሲም የሳዑዲውን አድርጊ፤ የኢትዮጵያውን ዳታ ሮሚንግ ዝጊው፤ ሮሚንግ የአገር ቤትን ሲም ሰው አገር ሆኖ መጠቀም ነው። ሲሙን ራሱን ግን አታጥፊው። በሮሚንግ ዳታ ውድ ነው፤ ጥሪ ውድ ነው፤ ሰው ደውሎልሽ ብታነሺው እንኳ የሚቆጠረው በአንቺ ላይ ነው። የጽሑፍ መልእክት መቀበል ግን በአብዛኛው አያስከፍልም፤ ለባንክ ኮድ የሚያስፈልግሽም እሱው ነው። ሮሚንግ እንዲከፈትልሽ ሳትሄጂ ጠይቂ፦ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700። እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች አገር ውስጥ እንጂ ከሳዑዲ ሲም ተደውሎ አይገኙም።

ስትደውዪ አንድ ነገር ጨምረሽ ጠይቂ፤ ቁጥሩ ሳይሠራበት ስንት ወር ሲቆይ ነው የሚዘጋው? ዝም ያለ ሲም ይዘጋል፤ ከዚያም ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ቁጥሩን የገዛው ሰው ክፋት ባይኖረው እንኳ ባንክሽ የሚልከው ኮድ እጁ ይገባል። ወር በባተ ቁጥር ቤተሰብ ትንሽ ካርድ ይሙላልሽ፤ አንቺም በዚያው ሲም ወደ ቤት አንድ አጭር መልእክት ላኪ። ከሲሙ የወጣ ነገር መኖሩ ካርድ ከመሙላቱ የበለጠ ዋስትና ነው።

ዋትስአፕ አዲሱን ሲም ሲያይ «ቁጥርሽን ቀይረሻል?» ሊልሽ ይችላል። አልቀየርኩም በይው። አንዴ የተከፈተ ዋትስአፕ ሲሙ ከስልኩ ቢወጣም ይሠራል። ኮድ የሚጠይቀው ስልክ ስትቀይሪ ወይም አጥፍተሽ እንደገና ስትጭኚው ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ከፍተሽ ባለ 6 አሃዝ ፒን አስገቢ፤ ኢሜይልሽንም ጨምሪ። ቁጥሩ በሰው እጅ ቢወድቅ እንኳ ያለ ፒኑ በቀላሉ አይገባበትም። 120 ቀን ሳይከፈት የከረመ ዋትስአፕ እንደሚሰረዝ ደግሞ ልብ በይ። ቴሌግራም ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው በሌላ ስልክ ላይ ወደተከፈተው የራስሽ ቴሌግራም ነው፤ አሮጌ ስልክ ካለሽ ከፍተሽበት ቤት ተይው።

ሳዑዲ በኢንተርኔት መደወል ላይ የነበረውን እገዳ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ብታነሣም የዋትስአፕ ጥሪ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። ኢሞን ጭነሽ ሂጂ፤ እናትሽ ስልክ ላይም ጫኚ፤ ገና እዚሁ ሳላችሁ አንዴ ተደዋወሉበት። ሰው አገር ገብቶ «ማሚዬ፣ እዚያች ላይ ንኪ» ማለት ምን ያህል እንደሚያደክም የሄዱት ያውቁታል።

የሳዑዲውን ሲም በራስሽ ፓስፖርት ወይም ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ በራስሽ አሻራ አውጪ። በአሠሪ ወይም በማታውቂው ሰው ስም የወጣ ሲም ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋል። ስልክሽ ራሱ ከእጅሽ የሚወጣበት ቀንም ሊመጣ ስለሚችል አንድ የቤተሰብ ቁጥር በቃልሽ ያዢ፤ በ+251 ጀምረሽ ዜሮውን ትተሽ። ያንኑ ከኤምባሲው ቁጥር ጋር በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርትሽ ተለይቶ የሚቀመጥ ነገር ውስጥ አድርጊው፤ የጸሎት መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ቢሆን ማንም አይነካው።

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ

«ልጄ ቤይሩት ናት። ስትደውልልኝ አንዳንዴ በ09 የሚጀምር ቁጥር ነው የሚወጣው። መልሼ ስደውል ወይ የማላውቀው ሰው ያነሣል፣ ወይ ዝግ ነው ይለኛል። ምን አግኝቷት ይሆን እያልኩ ሰጋሁ። ስልኬ ትንሿ ባለ ቁልፍ ናት፤ ኔትወርክ የምታገኘውም ከቤቴ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው።»

አባታችን፣ የቁጥሩ መቀያየር ብቻውን አያስጋዎ። ከሊባኖስ በትክክለኛው መንገድ የመጣ ጥሪ ስልክዎ ላይ በ+961 ይጀምራል። ልጅዎ በርካሽ የጥሪ ካርድ ወይም በአንዳንድ መተግበሪያ ስትደውል ግን ድምፁ በኢንተርኔት አገር ቤት ይገባና ሲም ቦክስ ወደሚባል ዕቃ ይሄዳል። ዕቃው ውስጥ ብዙ የኢትዮጵያ ሲሞች ተደርድረውበታል። ከነዚያ አንዱ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ሆኖ ወደ እርስዎ ይደውላል። ስልክዎ ላይ የሚያዩት የዚያን ሲም ቁጥር ነው። ሥራው ሕገ ወጥ ስለሆነ ኩባንያው የደረሰበትን ሲም ይዘጋል፤ ዛሬ የደወለው ነገ ዝግ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጅዎ ይህን ሁሉ ላታውቅ ትችላለች፤ ካርዱን ከሱቅ ነው የገዛችው።

በዚያ ቁጥር መልሰው አይደውሉ፤ እሷን አያገኟትም። እውነተኛ ቁጥሯን ከነ+961 ይቀበሏትና ይመዝግቡት። የመደመር ምልክቷን ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ለማውጣት 0ን ተጭነው ይቆዩ፤ ካልወጣ ኮከቧን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይንኩ። በስሟ ከመዘገቡት በኋላ በትክክለኛው መንገድ ስትደውል ስሟ ይወጣል፤ ስሟ ካልወጣ በዚያው በርካሹ መንገድ መጥታለች ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነው። ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «አባዬ፣ ተቸግሬያለሁ፣ በዚህ ሂሳብ ብር አስገባልኝ» ቢባሉ፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁ፤ የላሟን ስምም ቢሆን። ከዚያ ዘግተው በ+961ዱ ቁጥር ያጣሩ።

ጉብታው ላይ መውጣትዎ ካልቀረ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ብትሉ ቤይሩት በበጋችን ወራት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግን ሰዓቷን ስለምታስቀድም ከእኛ እኩል ትሆናለች። በመጋቢትና በጥቅምት «አልደወለችም» የሚባለው ጠብ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን ከፍተው ቤት ከማስቀመጥ ሰዓቱ ሲደርስ ከፍተው ይዘው ቢወጡ ባትሪዎ ይተርፋል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልክ አንቴናውን ለማግኘት ኃይሉን ጨምሮ ስለሚጮኽ ባትሪው የሚያልቀው ሳይወራበት ነው።

ከጎረቤት ስማርት ስልክ ያለው ወጣት ካለ ልጅዎ በድምፅ ቀርጻ በዋትስአፕ ትላክለት። ቀጥታ ጥሪ ኔትወርኩ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፤ የድምፅ መልእክት ግን ኔትወርክ ሲመለስ ይገባል። ይሁንና በዳታ ብቻ አትተማመኑ። በአካባቢያችን ዳታ ጠፍቶ ተራው ጥሪ ብቻ የሚሠራበት ጊዜ እንዳለ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ልጅዎ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን በቀጥታ መስመር የሚያስደውል ሂሳብ ይዛ ትቆይ፤ ደቂቃው ቢወደድም።

ከደብረ ብርሃን

«ዕቃ ለማየት ለአሥር ቀን ጓንጁ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ዱባይ ሦስት ቀን እቆያለሁ። ደንበኞቼ የሚደውሉት በዚህችው ቁጥሬ ነው። ሮሚንግ ይሻለኛል ወይስ የዚያውን አገር ሲም? ቻይና ውስጥ ዋትስአፕም ቴሌግራምም አይሠራም የሚባለውስ እውነት ነው?»

እውነት ነው። በቻይና ሲምም ሆነ በሆቴል ዋይፋይ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ጉግል ዝግ ናቸው። በሮሚንግ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የኢትዮጵያ ሲምዎ ጓንጁ ላይ ሆኖ ዳታ ሲጠቀም፣ ዳታው መጀመሪያ ወደ አገር ቤቱ ኩባንያ ተመልሶ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። ስለዚህ በአብዛኛው አዲስ አበባ እንዳሉ ሆኖ ይከፍትልዎታል። ዋጋው ግን አይቀመስም።

የምንመክረው ሁለቱንም ነው። ለካርታ፣ ለዊቻት (ቻይናዎች እንደ ዋትስአፕ ለሚጠቀሙበት መተግበሪያ) እና ለፋብሪካ ሰዎች የቻይናውን ሲም ወይም የሆቴሉን ዋይፋይ ይጠቀሙ። ከሮሚንግ ደግሞ ትንሽ ጥቅል አስቀድመው ገዝተው ለዋትስአፕ ብቻ ያውሉት። የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋ ባይት ግድም ይበላል፤ ቪዲዮ ደግሞ ወደ 5 ሜጋ ባይት ይጠጋል። አሥር ደቂቃ በድምፅ ማውራት 5 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው፤ ያንኑ በቪዲዮ ካደረጉት 50። ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ገብተው ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ፣ በጥሪ ጊዜም ዳታ እንዲቆጥብ ያድርጉት። ይህን ያልዘጋ ሰው ጥቅሉን የሚጨርሰው በዕድርና በሰርግ ግሩፕ ቪዲዮ ነው።

ዊቻትን እዚሁ ሳሉ ይክፈቱ። አዲስ አካውንት ሲከፈት ብዙ ጊዜ የቆየ ተጠቃሚ ኮዱን በስልኩ ስካን አድርጎ እንዲመሰክር ይጠይቃል፤ ከዚህ በፊት ቻይና የተመላለሰ ነጋዴ ደብረ ብርሃን ውስጥ አያጡም። የማረጋገጫ መልእክቱም የሚመጣው በኢትዮጵያው ሲም ነው።

የደንበኞችዎ ጥሪ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በሮሚንግ ላይ ሆነው የሚያነሡት እያንዳንዱ ጥሪ በእርስዎ ይቆጠራል። ሰዓቱም አያመችም፤ ጓንጁ ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች፣ ደንበኛዎ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲደውል እርስዎ ዘንድ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ጥሪው ሁሉ ሱቅ ለሚቀረው ሰው ይተላለፍ። ከመብረርዎ በፊት *21* ይበሉ፣ የሱቁን ሰው ቁጥር ይጻፉ፣ በ# ይዝጉና ይደውሉ። ሲመለሱ ##21# ብለው ያነሡታል።

ኮዱ ላይ ይጠንቀቁ። 21 ሁሉንም ጥሪ እዚሁ አገር ቤት ሳለ ያዞረዋል፤ የሚቆጥርብዎት ለሱቁ የተደወለበትን የአገር ውስጥ ሂሳብ ነው። ካልተነሣ ብቻ የሚያዞረውን 61 ካደረጉ ግን ጥሪው መጀመሪያ ጓንጁ ድረስ መጥቶ ይጠራል፤ ሳያነሡት ሲቀሩ ተመልሶ ኢትዮጵያ ይገባል፤ የመምጫውም የመመለሻውም ሂሳብ በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሲምዎ ላይ ሂሳብ ይኑር፤ ካለቀ ማስተላለፉም ይቆማል። የጽሑፍ መልእክት በዚህ መንገድ አይተላለፍም፤ የባንክ ኮድዎ እንደ ወትሮው ለእርስዎ ይደርሳል።

ዱባይ ላይ የዋትስአፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይሠራሉ፤ በዋትስአፕ መደወል ግን ዝግ ነው። የተፈቀደው ቦቲም ነው፤ ዙምም ይሠራል። ቦቲም የሚያገናኘው ሁለታችሁም ላይ ሲኖር ስለሆነ የሱቁም ሰው ይጫነው።

ፓወር ባንክ ከያዙ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይግባ። ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱ 74 ዋት ሰዓት ግድም ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ከሚፈቀደው የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ነው፤ ቁጥሩ የተፋቀበት ከሆነ ግን ፍተሻ ላይ ሊወስዱብዎ ይችላሉ።

ከደብረ ሲና

«ልጆቼ አሜሪካ ዋሽንግተን ጠርተውኛል። እዚህ የገዛሁት ቴክኖ ስልክ እዚያ ይሠራል? ስወርድ ባይገኙስ በምን አገኛቸዋለሁ?»

እናታችን፣ ዋይፋይ ባለበት ሁሉ ይሠራል፤ በልጆችዎ ቤት ዋትስአፕም ኢሞም እንደለመዱት ነው። የአሜሪካ ሲም አስገብቶ መደወል ግን ላይሳካ ይችላል። ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ ሞባይልና ቬራይዘን፣ 3ጂያቸውን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዘግተዋል። አሁን ጥሪ የሚሄደው በ4ጂ ላይ ስለሆነ ስልኩ ቮልቲኢ የሚባለውን መቻል አለበት፤ ቢችልም ኩባንያው ያላወቀውን ሞዴል ላይቀበል ይችላል። ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ደግሞ የአሜሪካ 4ጂ የሚጠቀምባቸው ሞገዶች ይጎድሏቸዋል። *#06# ብለው የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ለልጆችዎ ይላኩ፤ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብተው መሥራት አለመሥራቱን ያዩታል። ካልሠራ እዚያ ርካሽ ስልክ ይግዙልዎት፤ የእርስዎ ቴክኖ የኢትዮጵያን ሲም ይዞ ዋይፋይ ላይ ይቀመጥ።

ኤርፖርት ላይ በስልክ ብቻ አይመኩ። የልጆችዎ ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ በፈረንጅ ፊደል፣ በ+1 ጀምሮ፣ በትልልቁ ተጽፎ በወረቀት ይኑርዎ። ባትሪ ቢያልቅ ያንን ለሠራተኛ ቢያሳዩ ይደውሉልዎታል። መንገድ ላይ ሌላ ኤርፖርት ከቀየሩ ደግሞ አንዳንዱ ነጻ ዋይፋይ ኮድ በስልክ መልእክት ካልላክሁ አልከፍትም ይላል፤ የኢትዮጵያው ሲም ሮሚንግ ቢከፈትለት እዚህም ይጠቅማል።

ቻርጀርዎ ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈበት አይቃጠልም፤ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። ሶኬቱ ግን ለሁለት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ አስማሚ ከዚህ ይያዙ። ለቀሩት ቤተሰቦች ደግሞ፣ ዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «እንዴት አደርሽ» ብለው ቢደውሉ እዚያ ሌሊት ነው።

ከአንኮበር

«ዘመዴ ከአሜሪካ አይፎን 14 ላከልኝ። የሲም ማስገቢያ ፈልጌ አጣሁበት። ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። ከ14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ አይፎኖች ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው። ለሠፈር ጠጋኝ ሰጥተው አያስከፍቱት። ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተው ካሪየር ሎክ የሚለውን ይዩ፤ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው፤ ስልኩንና መታወቂያዎን ይዘው አገልግሎት ማዕከል ሄደው ኢሲም ይጠይቁ። ሌላ ነገር ካለ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ የሚፈታውም ያው ኩባንያ ነውና ዘመድዎ ከዚያው ይጠይቅልዎ። ሌሎቻችሁም ዘመድ ስልክ ሊልክ ሲል ገና ሳይገዛ ማስገቢያ ያለውና ያልተቆለፈ መሆኑን አስጠይቁ።

ከዓለም ከተማ

«ከማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ብቻ ጠርቶ ይቋረጣል። እህቴ ኩዌት ስላለች እሷ ትሆን ብዬ መልሼ ልደውል?»

አይደውሉ። የኩዌት ቁጥር በ+965 ይጀምራል፤ መጀመሪያ እሱን ይዩ። አንዴ አስጠርቶ መዝጋት የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ቁጥሮች ናቸው፣ እርስዎ መልሰው ሲደውሉ ከሚከፍሉት ለእነሱ ይካፈላል። ለዚህም ነው ሙዚቃ ወይም «ይጠብቁ» የሚል ድምፅ እያሰሙ የሚያቆዩዎት። እህትዎ ከሆነች ደግማ ትደውላለች። ደውለው ከሆነ ደግሞ፣ ሲምዎ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ *804# ብለው ሂሳብዎን ይመልከቱ፤ ቁጥሩንም ስልክዎ ላይ ብሎክ ያድርጉት።